ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም
በስልክና በኢንተርኔት ከሚፈጸም ማጭበርበር ራስን ስለመጠበቅ ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ

ምርጥ ዘር ስትገዙ ከረጢቱን ዝም ብላችሁ ተሸክማችሁ አትሄዱም። ስፌቱ እንዳልተፈታ፣ መለያ ካርዱ እንዳለ፣ ዘሩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ታያላችሁ። የተጭበረበረ ዘር የሚታወቀው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ነው። በስልካችሁ ለሚመጣ መልእክትም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላላክ በገጠሩም እየተለመደ መጥቷል። ከግሽ አባይ ክፍለ ከተማ እስከ ጣና ዳርቻ ቀበሌዎች ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚሸጥ አርሶ አደር ብር በኪሱ ይዞ መመለስ ላያስፈልገው ይችላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሌባው ግን አልቀረም፤ መንገዱን ቀየረ እንጂ። ገበያ ላይ ኪስ ይዳስስ የነበረው ዛሬ ስልክ ይደውላል።

አጭበርባሪ ወቅት ያውቃል

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በክልላችን ማዳበሪያ አጥሮ አርሶ አደሩ ምን ያህል እንደተጨነቀ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው ደውሎ «ከግብርና ቢሮ ነው፤ ኮታዎ ሊያልፍ ነው፤ አሁኑኑ ቀብድ ይላኩ» ቢል ልብ ይደነግጣል። አጭበርባሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ድንጋጤ ነው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያና ዘር ሲገዛ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ምርት ሲሸጥ ይበልጥ ነቅታችሁ ጠብቁ።

ማዳበሪያ የሚሰራጨው በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ በኩል ነው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ማኅበሩ ቢሮ ሂዱ፤ ወይም የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። የአርሶ አደሮች የስልክ መረጃ አገልግሎት የሆነው 8028ም በነፃ ምክር ይሰጣል እንጂ ገንዘብ ላኩ አይልም።

የተለመዱ የማጭበርበሪያ መንገዶች

1. «የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ»

አሠራሩ ቀላል ነው። አጭበርባሪው በራሱ ስልክ ላይ በእናንተ ስልክ ቁጥር ሒሳብ ለመክፈት ይሞክራል። ድርጅቱ ባለቤቱን ለማረጋገጥ ወደ እናንተ ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር ይልካል። ያን ጊዜ ሰውየው ይደውልና «ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎን እያደስን ነው» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ቁጥሩን እንድታነቡለት ይጠይቃል። የምስጢር ቁጥራችሁንም አስከትሎ ከጠየቀና ከሰጣችሁት፣ የቤታችሁን ቁልፍ ከነመግቢያው እንዳስረከባችሁት ቁጠሩት።

2. «በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ»

ብር የገባ የሚያስመስል መልእክት ይደርሳችኋል። ወዲያው አንድ ሰው እያለቀሰ ይደውላል፦ «የታመመች እናቴ ማሳከሚያ ነው፤ እባክዎ ይመልሱልኝ»። ርኅራኄ ተሰምቷችሁ ብትልኩ የሚሄደው የራሳችሁ ብር ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከግለሰብ ስልክ የመጣ መልእክት ማስረጃ አይሆንም። ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ እዩ። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም «ለ127 አመልክት፤ በሕጋዊ መንገድ ይመለስልሃል» በሉት። እውነተኛ ባለገንዘብ ይህን አይጠላም።

3. የውሸት ደረሰኝ

ነጋዴው ሽንኩርቱን ጭኖ «ይኸው ከፍያለሁ» እያለ በስልኩ የደረሰኝ ፎቶ ያሳያችኋል። ፎቶ ደግሞ በቀላሉ ይቀየራል። «ኔትወርክ ስለሌለ ነው ያልገባልዎት፤ ማታ ይገባል» ካለም መኪናው እስኪገባ ይጠብቅ። ሒሳባችሁ ውስጥ ብሩን ሳታዩ ጭነት አታስነሡ።

4. ሊንክ፣ የመተግበሪያ ፋይልና ኢሜይል

በቴሌግራም «ለአርሶ አደሮች ድጋፍ፤ ይህን ተጭነው ይመዝገቡ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ሲጫኑት የባንክ የሚመስል ገጽ ይከፈትና የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ የባንክ መተግበሪያ ነው ተብሎ የሚላክ ፋይል ነው። የባንክ መተግበሪያ የሚጫነው ከፕሌይ ስቶር እንጂ ሰው ከላከው ፋይል አይደለም።

ኢሜይል የሚጠቀሙ ልጆቻችሁንም አስጠንቅቁ። የላኪው ስም የታወቀ ድርጅት ቢሆንም ሙሉ አድራሻውን አይተው የድርጅቱ መሆኑን ይመርምሩ። «ዲቪ ደርሶሃል፤ ገንዘብ ላክ» የሚል ኢሜይል ሐሰት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዕድለኞች በኢሜይል አያበስርም፤ ተመዝጋቢው ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ያያል።

ሁልጊዜ የሚሠሩ ሦስት ሕጎች

ማጭበርበሪያው በየጊዜው መልኩን ስለሚቀያይር ሁሉንም ዘርዝሮ መጨረስ አይቻልም። የሚከተሉት ሦስት ሕጎች ግን ለሁሉም ያገለግላሉ።

• ገንዘብ ለመቀበል የምስጢር ቁጥር አያስፈልግም። ቁጥሩን የምታስገቡት ስትልኩ፣ ስታወጡ ወይም ቀሪ ሒሳብ ስታዩ፣ በራሳችሁ ስልክና በራሳችሁ እጅ ነው። ለወኪልም ቢሆን ስልካችሁን ከነቁጥሩ አትስጡ።
• ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን እናንተ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው።
• «አሁኑኑ» ያላችሁን ሰው አቆዩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የተላከ ብር ግን እንደፈሰሰ እህል ተለቅሞ አይገኝም።

ከተጭበረበራችሁ

ቶሎ ሒሳባችሁ ወዳለበት ድርጅት ደውላችሁ ሒሳቡን አሳግዱ፤ ከዚያ የምስጢር ቁጥሩን ቀይሩ። መልእክቱን አትሰርዙት። የደወለውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የዝውውር ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ በአቅራቢያችሁ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው።

አታፍሩ። በሥራዬ ያየሁት ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ሰው ለማዳበሪያ ያስቀመጠውን ብር ተወስዶበት «ሰው ይስቅብኛል» ብሎ ዝም ይላል። እሱ ዝም ባለበት ሳምንት ያው አጭበርባሪ ወደ ጎረቤቱ ይደውላል።

የእናንተ ኃላፊነት

በመስመር መዝራትን ጎረቤት ከእናንተ ማሳ እንዳየ ሁሉ፣ ከእናንተ ስልክ የተላከ መልእክትም ይታመናል። ሳታረጋግጡ ያስተላለፋችሁት አንድ ሊንክ በልማት ቡድናችሁ ውስጥ ያሉትን አባወራዎችና እማወራዎች ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ ያላጣራችሁትን አታስተላልፉ። በሚቀጥለው የቡድን ውይይት ላይ ደግሞ ሦስቱን ሕጎች፣ በተለይ ማንበብ ለማይችሉ አባላት፣ በቃል አስረዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቡድናችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ የተደወለለት ሰው አለ? ምን ተባለ? ምን መለሰ?
2. በቤታችሁ የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ማን ነው? ለምን?
3. ነገ ጠዋት «ከግብርና ቢሮ ነው» የሚል ሰው ቢደውልና ገንዘብ ቢጠይቅ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?