ለግል ሰዓቶች ኢንሹራንስ ስለ መግባት

ሰዓት መሰብሰብ የሚወድ ነጋዴ ለሱቁ ዕቃ ኢንሹራንስ ስለ ገባ፣ በካዝናው ያኖራቸው የግል ሰዓቶቹም አብረው ዋስትና ያገኙ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ፖሊሲው የሚመለከተው በውሉ የተጻፈውን ዕቃ ስለ ሆነ፣ ያልተጠቀሰ ሰዓት በስርቆት ወይም በቃጠሎ ቢጠፋ ካሣ አያስጠይቅም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንደሚደነግገው፣ የዕቃ ኢንሹራንስ የካሣ ውል ነው፤ የሚከፈለውም ገንዘብ አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከሚያወጣው ዋጋ አይበልጥም። ስለዚህ ዋጋን አብዝቶ ማስጻፍ አረቦን ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም። አሳንሶ ማስጻፍ ግን ይብስ ይጎዳል። ለምሳሌ ጠቅላላ ዋጋቸው 400,000 ብር የሆነ ሰዓቶችን፣ አረቦን ለመቆጠብ ሲል በ200,000 ብር ያስመዘገበ ሰው፣ 60,000 ብር የሚያወጣ አንድ ኦሜጋ ቢሰረቅበት፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚደርሰው 30,000 ብር ብቻ ነው፤ የቀረውን ግማሽ ራሱ እንደ ተሸከመ ይቈጠራልና። ሌባው ግን ግማሽ ሰዓት አልወሰደም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰዓት በዓይነቱ፣ በመለያ ቍጥሩና በዋጋው ለየብቻ ይመዝገብ፤ ደረሰኙና ፎቶግራፉም ሰዓቶቹ ካሉበት ካዝና ውጭ ይቀመጥ። የቆየ ሰዓት ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ፣ ውሉ በታደሰ ቍጥር ግምቱን በዐዋቂ ማስመርመር የተገባ ነው። በእርጅና ብዛት ለቆመ ሰዓት ግን የሚጠየቀው ሰዓት ሠሪው እንጂ ኢንሹራንስ ሰጪው አይደለም።