የብርሃን ፍጥነት ለተመልካቾች ሁሉ አንድ የሆነበት ምክንያት

በዕለት ተዕለት ልምድ ፍጥነቶች ይደመራሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ቢራመድ፣ ከሐዲዱ ዳር የቆመ ተመልካች የሰውየውን ፍጥነት 65 ኪሎ ሜትር ሆኖ ያገኘዋል። በባዶ ኅዋ ለሚጓዝ ብርሃን ግን ይህ ስሌት አይሠራም። የብርሃኑ ምንጭም ሆነ ተመልካቹ ወጥ በሆነ በየትኛውም ፍጥነት ቢጓዙ፣ የልኬቱ ውጤት ምንጊዜም በሴኮንድ 299,792,458 ሜትር ነው። ይህ እውነታ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ እንደ መነሻ እሳቤ ብቻ ቀርቦ ይታለፋል። ሆኖም «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከእሳቤው ጀርባ የሚገኝ መልስ አለው።

ጥያቄው የመነጨው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ካሳተመው ሥራ ነው። የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕግጋትን ያጣመሩት እኩልታዎቹ የሞገድን ፍጥነት ያስገኛሉ፤ ፍጥነቱ ከምን አንጻር እንደሚለካ ግን አይገልጹም። የዘመኑ ሊቃውንት ሞገዱ «ኤተር» በተባለ፣ ኅዋን በሞላ አካል ውስጥ እንደሚጓዝ ገመቱ። መሬት በፀሐይ ዙሪያ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ፣ የብርሃን ፍጥነት እንደ አቅጣጫው ሊለያይ ይገባ ነበር። አልበርት ማይክልሰንና ኤድዋርድ ሞርሊ እ.ኤ.አ. በ1887 በክሊቭላንድ ይህን ልዩነት በኢንተርፌሮሜትር ፈለጉት። ያገኙት የመስመሮች መዛነፍ ከተጠበቀው መጠን ሃያ አንደኛውን እንኳ አልሞላም።

ሌላው አማራጭ ብርሃን የምንጩን ፍጥነት ይወርሳል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በሰርን የተካሄደ ሙከራ ከብርሃን ፍጥነት 99.9 በመቶ በላይ ከሚጓዙ ፓዮኖች የሚወጡትን የጋማ ጨረሮች ፍጥነት ለካ። ተራው ድምር ትክክል ቢሆን ኖሮ ወደ ፊት የወጣው ጨረር የብርሃንን ፍጥነት እጥፍ ያህል ሊደርስ ይገባ ነበር፤ የተገኘው ግን የተለመደው የብርሃን ፍጥነት ሆነ።

አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስሕተቱ በብርሃን ሳይሆን በጊዜና በርቀት አስተሳሰብ ላይ እንዳለ አሳየ። ፍጥነት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ሁለት ተመልካቾች በርቀቱም፣ በጊዜውም፣ «በአንድ ጊዜ ተፈጸመ» በሚባለውም ነገር ላይ ካልተስማሙ ፍጥነቶችን በቀላሉ መደመር አይቻልም። በአዲሱ ስሌት የሁለቱ ፍጥነቶች ድምር፣ አንድ ሲደመር የፍጥነቶቹ ብዜት ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። የብርሃን ፍጥነት ግማሽ ከግማሽ ጋር ሲደመር ውጤቱ አንድ ሙሉ ሳይሆን 0.8 ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ራሱ የብርሃን ፍጥነት ከሆነ ደግሞ፣ ሌላው ምንም ያህል ቢሆን ውጤቱ ያው የብርሃን ፍጥነት ነው።

ይህም ቢሆን «ለምን?» የሚለውን በከፊል ብቻ ይመልሳል። ቭላዲሚር ኢግናቶቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1910 ከሌላ አቅጣጫ ተነሣ፤ ስለ ብርሃን ምንም ሳይገምት የተፈጥሮ ሕግጋት ወጥ በሆነ ፍጥነት ለሚጓዙ ሁሉ አንድ መሆናቸውን፣ ኅዋና ጊዜም በየስፍራውና በየአቅጣጫው ወጥ መሆናቸውን ብቻ ወሰደ። ከእነዚህ መነሻዎች የተመልካቾችን ልኬቶች የሚያገናኘው ቀመር አንድ ያልታወቀ ቋሚ ቁጥር ብቻ ይዞ ይወጣል። የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተል እንዲጠበቅ ሲፈለግ ሁለት ዕድሎች ይቀራሉ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ የጋሊሊዮ ተራ ድምር ይጸናል፤ ከዜሮ ከበለጠ ግን ለሁሉም ተመልካች አንድ የሆነ፣ ውሱን ፍጥነት የግድ ይኖራል። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚወስነው ሙከራ ነው፤ ሙከራውም ለሁለተኛው መስክሯል።

እንግዲህ ቋሚነቱ የኅዋና የጊዜ አወቃቀር ጠባይ እንጂ የብርሃን ልዩ ጠባይ አይደለም። መጠነ ቁስ የሌለው ነገር ሁሉ በዚህ ፍጥነት ይጓዛል፤ ብርሃንም ከእነዚህ አንዱ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ኢፖሊት ፊዞ እ.ኤ.አ. በ1851 በሚፈስ ውኃ ውስጥ ያካሄደው ሙከራ ነው። ብርሃን በውኃ ውስጥ በሦስት አራተኛ ፍጥነቱ ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህ ፍጥነት ለሁሉም ተመልካች አንድ አይደለም፤ ውኃው ሲፈስ ከፍሰቱ ፍጥነት 0.44 ያህሉ ብቻ ይጨመርበታል። ማክስ ፎን ላውወ እ.ኤ.አ. በ1907 ይህ መጠን በቀጥታ ከአንስታይን የድምር ስሌት እንደሚገኝ አሳየ።

እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሜትር የሚተረጎመው በብርሃን ፍጥነት በመሆኑ፣ ቋሚነቱ በስምምነት የተደነገገ ሊመስል ይችላል። ድንጋጌው የወሰነው ግን የቁጥሩን መጠን ነው። ፍጥነቱ እንደ አቅጣጫው ወይም እንደ ተመልካቹ ቢለያይ ኖሮ፣ ልዩነቱ በማይክልሰን ዓይነት መሣሪያ ላይ የመስመሮች መዛነፍ ሆኖ በታየ ነበር፤ ይህንንም የትኛውም ድንጋጌ ሊሰውረው አይችልም።