ጣሪያው የሚታጠፍ የመጀመሪያ መኪና

በውጭ አገር ልጅ ያሳደገ ወላጅ የማይቀርለት ጥያቄ አለ፤ የመጀመሪያ መኪና ጉዳይ። አብዛኞቻችን መልሱን ቀድመን አዘጋጅተን ነው የምንጠብቀው፦ ቶዮታ ኮሮላ፣ ካልሆነም ሆንዳ ሲቪክ። ቶሎ አይበላሽም፣ መለዋወጫው ይገኛል፣ ሲሸጥም ዋጋውን ይዞ ይሸጣል። አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ የሚገዛ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው። የ20 ዓመቷ ልጄ ግን እየተማረችና እየሠራች 7,000 ዶላር ካጠራቀመች በኋላ የነገረችኝ ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚታጠፍ መኪና እንደምትፈልግ ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ገንዘቡ የራሷ ነው፤ ዕድሜዋም ማንንም ሳታስፈቅድ ለመፈረም ይፈቅድላታል። «አይሆንም» ብዬ ብዘጋው እኔ ሳላየው ገዝታ እንደምትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅኳት፦ አብረን እናያለን፣ መካኒክ ሳያየው አንገዛም፣ የኢንሹራንሱን ሒሳብ ሳናውቅ ቀብድ አንከፍልም። «እሺ አባዬ» አለች፤ ሳትከራከር። ይህ ራሱ አጠራጠረኝ።

የልቧ መኪና ማዝዳ ሚያታ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ምርጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚመረት፣ ቀላል፣ ነዳጅ የማይፈጅ፣ መካኒኮች ጠንቅቀው የሚያውቁት መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የፊት መብራታቸው እንደ እንቁራሪት ዓይን ብድግ የሚል ነበር። እስከ 2005 ድረስ የተሠሩት የታይሚንግ ቺንጋቸው በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ከ2006 ሞዴል ወዲህ ያሉት ግን በካቴና ነው የሚሠሩት። ብዙዎቹ ማርሻቸው ማንዋል ነው። እኔ መንዳት የተማርኩት አዲስ አበባ ላይ በላዳ ስለሆነ ፍሪሲዮን አያስፈራኝም፤ እሷ ግን ነክታው አታውቅም። ደግሞም ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። እናቴ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ በስልክ ስትሰማ «ታዲያ እኔን የት ልታስቀምጠኝ ነው?» አለች።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። መኪናው በእርጥብ መንገድ ላይ መንሸራተት ሲጀምር አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን እየያዘ የሚያረጋጋ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አለ። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ላይ መገጠሙ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩት አንዳንዶቹ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ለአዲስ ሹፌር፣ ያውም በትንሽ መኪና፣ ይህንን ከቀለሙም ከድምፁም አስቀድማለሁ። ጣሪያ የሌለው መኪና ቢገለበጥ ጭንቅላትን የሚጠብቁት የፊት መስታወቱ ፍሬም፣ ከወንበሩ ኋላ ያሉት ቅስት ብረቶችና ቀበቶው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ እንዳይገለበጥ የሚረዳው ነገር ዋጋ አለው። እንግዲህ «2012 ወይም ከዚያ በኋላ» የምትል አራተኛ ነጥብ ጨመርኩ። ልጄ እዚህ ላይ ነው የተከራከረችው፤ በ7,000 ዶላር የዚያ ዘመን ደህና ሚያታ ማግኘት ይከብዳልና።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቀይ የ1999 ሚያታ ሄደን አየን፤ ማየት አይከለከልም። ባለቤቱ አጥቦና አስውቦ ነው የጠበቀን። እኔ ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉን በካልሲ ረገጥኩት፤ ረጥቧል። ያገለገለ ኮንቨርቲብል የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት ማየት ያለበት ይህንን ነው። ከሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው የሚወጣው። ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ከውስጥ ይዝጋል። ከላይ ቀለሙ ያምራል፣ በእጅ ሲዳሰስ ግን ይፈረፈራል። የሻጋታ ሽታ ካለ፣ ወይም ሻጩ ሽቶ አብዝቶ ከሰቀለ፣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው ብዬ ነው የምጀምረው።

ሸራውን ራሱን ከፍቶ መዝጋት፣ መልሶ መክፈት ነው፤ በሞተር የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ማዳመጥ። መሐል ላይ የሚቆም ወይም የሚያቃስት ከሆነ የዘይት ፓምፑ ደክሟል። የኋላ መስታወቱ ከፕላስቲክ ከሆነ ደብዝዞ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሸራ ማስቀየር በቀላሉ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። በብረት ጣሪያ የሚታጠፉት ከሌባ ምላጭ ይሻላሉ፤ ሲበላሹ ግን ጥገናቸው ኪስ ይጎዳል።

ቀጥሎ ያየነው የ2011 ፎርድ ሙስታንግ ነበር። አራት መቀመጫ አለው፣ የማረጋጊያ ሥርዓቱም አለው፤ ትንሹ ሞተሩ ግን 305 የፈረስ ጉልበት ነው። 305 ፈረስ ለ20 ዓመት ልጅ! ደግነቱ እኔ መናገር አላስፈለገኝም። የመኪናውን 17 ፊደልና ቁጥር የያዘ መለያ ለኢንሹራንሱ ሰጥታ የወር ክፍያውን ስትሰማ ራሷ ስልኩን አስቀመጠች። ያው መለያ ሌላም ጥቅም አለው፤ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡት መኪናው ያልተሠራለት የፋብሪካ ጥሪ ካለ በነፃ ይነግራል። በታካታ ኤርባግ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ቅያሪው ለባለቤቱ ነፃ ነው።

በመጨረሻ ያገኘነው ማንም ወጣት ግድግዳው ላይ ፎቶውን የማይሰቅለው መኪና ነው፤ የ2013 ክራይስለር 200። ኦቶማቲክ ነው፣ አራት ሰው ይይዛል፣ ሸራውም በሞተር ይታጠፋል። «አባዬ፣ ይሄ እኮ የጡረተኛ መኪና ነው» አለች። ዋጋው የቀነሰውም ለዚሁ ነው አልኳት። ደግሞ ጊዜው ታኅሣሥ ነበር፤ በብርድ ወቅት ጣሪያ የሚከፈት መኪና የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሻጩ ለድርድር ይለሰልሳል። ሻጩ የጠራው ዋጋ 6,900 ነበር፤ ራሷ ተደራድራ በ6,200 ገዛችው። መካኒኩ የፊት ፍሬን ሸራ እንዲቀየር አዘዘ፤ ሜሪላንድ ደግሞ ያገለገለ መኪና በአዲስ ባለቤት ስም ሲዞር የደህንነት ምርመራ ማለፍ ስላለበት የቀረው ገንዘብ ጥሩ ቦታ ዋለ።

አሁን ቱቦዎቹን በወር አንዴ ራሷ ነች የምትጠርገው። ከእኔ የቀረች አንዲት ሕግ ብቻ ነች፦ አንድ ዓመት እስኪሞላት ጣሪያውን ከፍታ ፈጣን መንገድ ላይ አትወጣም። እስካሁን አልተጣሰችም፤ ቢያንስ እኔ አላየሁም።