ከበጋው አገር ወደ ጨለማው ክረምት

በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ትዝ ይለናል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላደገ ሰው ብርድ አዲስ ነገር አይደለም። ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራም በሐምሌና በነሐሴ ጉም ለብሶ ይከርማል። ይሁንና ስዊድን የሚኖሩ የአካባቢው ልጆች በታኅሣሥ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ክረምት ሌላ ነው። አዝመራ በሚወቃበት ወር፣ በጠራ ሰማይ ሥር ተሰናብተው በክምር ድንጋይና በደብረ ታቦር አድርገው ባሕር ዳር ይደርሳሉ፤ ከዚያ በአዲስ አበባ በኩል በርረው ደመና ውስጥ ያርፋሉ።

በዚያ ወር አጋማሽ የጋይንት ቀን ከ11 ሰዓት በላይ ሲሆን የስቶክሆልም ቀን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ የምትወጣው ከጧቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሞላም ትጠልቃለች። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በ3 ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ስለሚገቡ ሠራተኛውና ተማሪው የሶላቱን ቦታና ጊዜ አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። በሌላ በኩል የረመዷን ቀዷእ ያለባት እህት ከዚህ አጭር ቀን የተሻለ ጊዜ አታገኝም።

የክረምቱ ፀሐይ ደካማ በመሆኗ ሰውነት ቫይታሚን ዲ አይሠራባትም። ቆዳቸው ጥቁር የሆነና ገላቸውን የሚሸፍኑ ሰዎች ይበልጥ ይጎድላቸዋል። ስለዚህ ሐኪም ማማከር፣ ዓሣ መመገብ ይበጃል። እንክብል ሲታዘዝም ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን እንደሌለበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ስንቅም አንድ ነገር እንበል። እናት ለልጇ ቅቤና ቋንጣ ማሰር ትወዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። የእናት ድካም በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚወረስ አስቀድሞ በፍቅር ነግሮ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ ማሰር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ብቸኝነቱ ነው። ጋይንት ውስጥ ጉም ሲወርድ ቤተሰብ እሳት ዳር ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራራል። እዚያ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ፀሐዩን ማምጣት ባይቻልም ቡናውንና መሰባሰቡን ማምጣት ይቻላል። ከአያቶቻቸው ጋር የሰነበቱ ልጆችም ያገኙት አማርኛ እንዳይጠፋ በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስልክ ይደውል።

አገር ቤት ያላችሁ ወላጆችም የልጃችሁ ድምፅ ሲጠፋ «ረሳን» አትበሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በክልሉ ውጊያ ተነሥቶ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በጨለማው አገር የእናንተን ድምፅ ሲጠብቁ ያደሩ ልጆች አሉ። ዝምታ ሁልጊዜ መርሳት አይደለም። ስለዚህ የሄደው ይደውል፤ የቀረውም ዱዓእ ያድርግ። አላህ ለተጓዡም ለሸኚውም ሰላሙን ያውርድ። አሚን።