ማን ይግባ? ገብቶስ ምን ያድርግ?

በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የወሩ ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የመረጃ ሥርዓት፣ የኮምፒውተር ፈቃድ እንዴት እንደሚከፋፈል በግልጽ ያሳያል። የሥርዓቱ መነሻ የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተጠቃሚው ምን መሥራት እንደሚችል በሥራ ድርሻው፣ የትኛውን መረጃ እንደሚያይ ደግሞ በተመደበበት ተቋም ይወሰናል። የጤና ጣቢያ ባለሙያ የራሱን ቅጽ ይሞላል፤ ወረዳው በሥሩ ያሉትን ያያል፤ ደብረ ታቦር ያለው የደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ወረዳዎቹን፣ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ክልል ጤና ቢሮ ደግሞ ዞኖቹን።

ፈቃድን እንዲህ የመከፋፈሉ ሐሳብ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። የኮምፒውተር ተመራማሪው በትለር ላምፕሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚዎችን በረድፍ፣ ፋይሎችን በዓምድ አስቀምጦ ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አቀረበ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤልና ላፓዱላ ለአሜሪካ ጦር ምስጢር ወደ ታች እንዳይፈስ የሚያግድ ሕግ ነደፉ፤ ቢባ ደግሞ ትክክለኛው መረጃ ባልተረጋገጠው እንዳይበከል የሚከላከል ሞዴል አቀረበ። ፌራዮሎና ኩን በ1992 እ.ኤ.አ. ፈቃድን ከሰው ስም አውጥተው ከሥራ መደብ ጋር አያያዙት። ሠራተኛ በየጊዜው ለሚቀያየርበት መሥሪያ ቤት ከዚህ የሚሻል መነሻ አላየሁም።

ግን አይበቃም። እንደ ደቡብ ጎንደሯ ገሳይ ባለች ትንሽ ከተማ ካርድ ክፍል የሚሠራው ሰው የታካሚው ጎረቤት ወይም የሥጋ ዘመድ ሊሆን ይችላል። የኤችአይቪ ውጤት በኮምፒውተር ሲመዘገብ የሥራ መደብ ብቻ የሚጠይቅ ሥርዓት ነርሷ የማንንም ካርድ እንድትከፍት ይፈቅዳል፤ ያንን ሰው ዛሬ እያከመችው መሆኑን አይጠይቅም። ተመራማሪዎቹ ፓርክና ሳንዱ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያቀረቡት የአጠቃቀም ቁጥጥር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱ በመግቢያው ላይ ብቻ ሳይሆን ካርዱ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ይመረመራል። ምክንያት መጻፍ ግዴታ ሊሆን፣ ተረኝነቱ ሲያበቃም ፈቃዱ እዚያው ሊቋረጥ ይችላል። ድንገተኛ ሕመምተኛ ሲመጣ ግን በሩ መከፈት አለበት፤ የከፈተው ሰው ስምና ምክንያት ተመዝግቦ በማግስቱ ይታያል።

የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ያዛል። ሆኖም ሦስት ሰው በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት ቢሮ ውስጥ መዝገቡ የሚናገረው የአንዱን ስም ብቻ ነው፤ የትኛውም ሞዴል አያድነውም። ስለዚህ ሥራው ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ ከመስጠት ይጀምራል፤ ባለሙያው ከገሳይ ወደ ስማዳ ወረዳ ሲዛወርም የገሳዩ ፈቃድ በዚያው ቀን ይነሳ።