የኢንተሊጄይ ኮድ አስተካካይ ከትእዛዝ መስመር

ኢንተሊጄይ አይዲያ የተባለው የፕሮግራም ማዘጋጃ፣ መስኮቱ ሳይገለጥ የኮዱን ሥርዐተ ጽሕፈት ያቀና ዘንድ፣ በ«ቢን» ፎልደሩ ውስጥ ለሊኑክስ «ፎርማት ነጥብ ኤስኤች»፣ ለዊንዶውስ «ፎርማት ነጥብ ባት» የተሰኘ ስክሪፕት ይዟል። በሰረዝ ኤስ ባልደረቦች ሁሉ የተስማሙበት የስታይል ፋይል ይጠቀስለታል፤ ሰረዝ አር ሲጨመር ንኡሳን ፎልደሮችም ይዳረሳሉ። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ሰረዝ ዲን ነው፤ ይኸውም አንዲት ፊደል እንኳ ሳይለውጥ ፋይሎቹን መርምሮ፣ ያልተስተካከለ ያገኘ እንደ ሆነ ከዜሮ የተለየ የመውጫ ቁጥር ስለሚመልስ፣ በአውቶማቲክ ፍተሻው ላይ ቢታከል ሥርዐት የጎደለው ኮድ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ከመቀላቀሉ አስቀድሞ ይታገዳል። ፕሮግራሙ በዚያው ኮምፒውተር ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ግን ስክሪፕቱ አይሠራምና፣ ክፍት የተተወ መስኮት ካለ (የብዙዎቻችን ልማድ ነው) አስቀድሞ ይዘጋ።