የአንገት ሕመምን የሚለካው መጠይቅ ወደ ጣሊያንኛ ሲመለስ

ትኩሳትን በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊትንም በመለኪያ ማወቅ ይቻላል። የአንገት ሕመም አንድን ሰው ከዕለት ተግባሩ ምን ያህል እንዳስተጓጎለው ግን ከታማሚው በቀር የሚናገር የለም። ራጅም ቢሆን ሙሉ ምላሽ አይሰጥም፤ በፊልሙ ላይ የጎላ ለውጥ ሳይታይበት ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው አለ፤ ለውጥ እየታየበትም ሥራውን ያለ ችግር የሚያከናውን አለ።

በዚህ ምክንያት የጤና ባለሙያዎች ነጥብ የሚሰጥባቸው መጠይቆችን ይጠቀማሉ። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ሐዋርድ ቨርነን እና ሲልቫኖ ማዮር በካናዳ ያዘጋጁትና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ይፋ የሆነው መጠይቅ ነው። 10 ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የሕመሙ መጠን፣ ራስን መንከባከብ፣ ዕቃ ማንሣት፣ ማንበብ፣ ራስ ምታት፣ ሐሳብን መሰብሰብ፣ ሥራ፣ መኪና መንዳት፣ እንቅልፍ እና መዝናናት ናቸው። ታማሚው በእያንዳንዱ ክፍል ካሉት 6 አማራጮች ሁኔታውን የሚገልጸውን ይመርጣል። የእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 5 ሲሆን ድምሩ ከ50 ይታሰባል፤ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩ ከብዷል ማለት ነው።

መጠይቁ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የጣሊያንኛው ቅጂ በማርኮ ሞንቲኮኔ እና ባልደረቦቻቸው ተዘጋጅቶ በ2012 «ስፓይን» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱም ቨርነን ራሳቸው ናቸው። 10 ክፍሎችን መተርጎም የአንድ ቀን ሥራ ሊመስል ይችላል። ታዲያ ጥናት ለምን አስፈለገ?

ምላሹ ሰው ሕመሙን በሚናገርበት ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ጣሊያናውያን አንገታቸውን ሲያማቸው «ቸርቪካሌ አለብኝ» ይላሉ። ቃሉ በሕክምና የአንገትን ክፍል የሚመለከት ቢሆንም በሕዝቡ አነጋገር ራስ ምታትንና ማዞርንም ጠቅልሎ ሊይዝ ይችላል። በመጠይቁ ውስጥ ቢገባ ታማሚው የሚመልሰው ስለ አንገቱ ብቻ ላይሆን ይችላል። በአማርኛም ተመሳሳይ ፈተና አለ። በመጠይቁ ስም ውስጥ ያለው «ዲሴቢሊቲ» የሚለው ቃል እንዳለ «አካል ጉዳት» ተብሎ ቢተረጎም ብዙ አንባቢ የሚረዳው ዘላቂ ጉዳትን ነው፤ መጠይቁ የሚሻው ግን ሕመሙ የዕለት ሥራን ምን ያህል እንዳወከ ማወቅ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ተቀባይነት ያለው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሁለት ተርጓሚዎች ለየብቻቸው ይተረጉማሉ፤ ሁለቱ ትርጉሞች ተነጻጽረው አንድ ቅጂ ይወጣል። ቀጥሎ ዋናውን ጽሑፍ ያላዩ ሌሎች ተርጓሚዎች ቅጂውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፤ የተዛባ ትርጉም ካለ እዚህ ላይ ይጋለጣል። የባለሙያዎች ኮሚቴ ካረመው በኋላም ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ሰዎች ሞልተውት እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ይጠየቃሉ።

ቀጣዩ ምዕራፍ ለአርሶ አደሩ እንግዳ አይደለም። በሌላ አካባቢ ጥሩ ምርት የሰጠ ዝርያ በማላመድ ሙከራ ማለፍ እንዳለበት ሁሉ የተተረጎመ መጠይቅም በአዲሱ ማኅበረሰብ ውስጥ ይፈተናል። ሕመማቸው ያልተለወጠ ሰዎች ከቀናት በኋላ ዳግም ሲጠየቁ ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣሉ ወይ? ውጤቱ ከሌሎች የሕመም መለኪያዎች ጋር ይስማማል ወይ? የተሻለው ሰው ነጥብስ ይቀንሳል ወይ? ይህ ካልተረጋገጠ የታማሚው ነጥብ ከ22 ወደ 20 ሲወርድ ሕክምናው ሠርቶ ይሁን መለኪያው ዋዥቆ መለየት አይቻልም። በዚህም የማይጠቅም ሕክምና ሊቀጥል፣ የሚጠቅመው ደግሞ ሊቋረጥ ይችላል።

የኑሮ ልዩነትም ሌላው ጉዳይ ነው። መኪና የማይነዳ ሰው ስለ መንዳት የሚጠይቀውን ክፍል ባዶ ይተወዋል፤ ያኔ ድምሩ ከ45 ታስቦ ወደ መቶኛ ይለወጣል። እንስራ አዝላ ከምንጭ ለምትመለስ እናት ግን የአንገቷን ሁኔታ ይበልጥ የሚገልጸው መሪ ሳይሆን ሸክም ነው።

አንባቢም ከዚህ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። ባለሙያ ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ሸክምዎ ወይም ስለ ሥራዎ ሲጠይቅዎ እንደ ሰላምታ «ደኅና ነኝ፣ ይመስገን» ብለው አይለፉት። ያልተረዱትን ጥያቄ እንዲብራራልዎ ይጠይቁ፤ ሥራ ያስተጓጎለብዎትንም በግልጽ ይናገሩ። ሕክምናው መቀጠሉም ሆነ መለወጡ በዚያ መልስ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላልና።